ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ
ከቫይረስ በሽታ የሚተርፈው ድካምና የማገገሚያው መንገድ ታሪክ

በሽታ ሲለቅ ጤና ወዲያው ይመለሳል ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል አማርኛ «ማገገም» የሚል ስም የሰጠው ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ያለ ሰው ትኩሳቱ በርዶለታል፤ ጉልበቱ ግን ገና አልጸናም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከበሽታ የተነሣውን ሰው አጥሚት እያጠጣ፣ ከፀሐይና ከከባድ ሥራ እየከለከለ ያቆየዋል፤ ቸኩሎ ሞፈርና ቀንበር ለማንሣት ቢቃጣም «ያገረሽብሃል» ብሎ ይገታዋል። «ግርሻ» የሚለው ቃል በውስጡ አንድ ትልቅ የሕክምና ሐሳብ ይዟል፤ ይኸውም የዳነ የሚመስል አካል ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ወደ ኋላ ሊመለስ መቻሉ ነው።

ዘመናዊው ሕክምና ይህንኑ ሐሳብ በማስረጃ አረጋግጦ ለመቀበል ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 ዓለምን ካዳረሰ በኋላ «ረጅም ኮቪድ» የተባለው ሕመም ሲታወቅ ለብዙዎች ፍጹም አዲስ ነገር መስሎ ታያቸው። የሕክምናን ታሪክ ወደ ኋላ ላገላበጠ ሰው ግን አዲሱ ስሙ እንጂ ነገሩ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ ሁለት ነገሮች እየተደጋገሙ ይታያሉ። አንደኛው፣ የሐኪሞች ምክር አንድ ጊዜ ወደ ፍጹም ዕረፍት፣ ሌላ ጊዜ ወደ ግዴታ እንቅስቃሴ መወዛወዙ ነው። ሁለተኛው፣ በሽተኛው ስለ ገዛ አካሉ የሚሰጠው ቃል አንዳንዴ መሰማቱ፣ ብዙ ጊዜ ግን መናቁ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዕረፍት ሕክምና ዘመን

በ1869 ጆርጅ ቢርድ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም «ኒዩራስቴኒያ» የሚለውን ስም አስተዋወቁ። ትርጉሙ የነርቭ ኃይል መዛል ማለት ነበር። ለዚህ ሕመም ከሁሉ ይበልጥ የታወቀውን ሕክምና ያስፋፉት ግን የፊላዴልፊያው ሐኪም ሳይላስ ዊር ሚቸል ናቸው። በ1877 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ በሽተኛው ከቤተሰቡ ተለይቶ ለሳምንታት አልጋ ላይ ይተኛል፤ ወተትና የሚያሰባ ምግብ ይመገባል፤ ሰውነቱ ይታሻል፤ ጡንቻዎቹም በኤሌክትሪክ ይነቃቃሉ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ከወሊድ በኋላ ለደረሰባት የመንፈስ ጭንቀት በ1887 በእኚሁ ሐኪም ዘንድ ታክማ ነበር። ወደ ቤቷ ስትመለስ ብዕር እንዳትይዝ ስለ ታዘዘች አእምሮዋን ልትስት እንደ ደረሰች ከጊዜ በኋላ ጽፋለች። በ1892 የታተመው «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የተሰኘው አጭር ልብ ወለዷ ከዚሁ የመነጨ ነው።

የሚቸል ሕክምና ዕረፍትን፣ ምግብንና መታሸትን ያስተባበረ በመሆኑ ዛሬ «የተቀናጀ» ከሚባለው አሠራር ጋር የሚመሳሰል መልክ ነበረው። የጎደለው አንድ ነገር ነበር። ዕረፍቱ ለሁሉም በአንድ መጠን ይታዘዝ ነበር እንጂ፣ በሽተኛው ምን ያህሉ እንደሚበጀውና ምን ያህሉ እንደሚጎዳው አይጠየቅም ነበር።

በዚያው ዘመን፣ በ1889 ከሩስያ ተነሥቶ አውሮፓንና አሜሪካን ያጥለቀለቀው ኢንፍሉዌንዛ ጥያቄውን ከነርቭ ወደ ተላላፊ በሽታ አዞረው። ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት የለቀቃቸው ሰዎች ለወራት ሲዝሉ፣ እንቅልፍ ሲያጡና ሐሳባቸውን መሰብሰብ ሲሳናቸው ታየ። የለንደኑ ሐኪም ጁሊየስ አልትሃውስ በ1892 ስለ ኢንፍሉዌንዛ በጻፉት መጽሐፍ በሽታው ጥሎት ለሚሄደው መዘዝ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል።

የኅዳር በሽታና ከዚያ በኋላ

ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ የ1918ቱ ወረርሽኝ መጣ። በኢትዮጵያ በ1911 ዓ.ም. የገባው ይህ መቅሠፍት «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ይታወቃል። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ተርፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚህ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሕዝብ በየዓመቱ የሚያስበው የሞቱትን ነው፤ የተረፉትስ ጉልበት ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ግን ከሞቱት ቁጥር ያነሰ ክብደት ያለው አይደለም።

ለዚህም በዛሬዋ ታንዛኒያ የሆነው ምሳሌ ይሆናል። በ1918 መጨረሻ በደቡብ ታንጋኒካ ዝናብ ሲመጣ፣ ከኢንፍሉዌንዛው የተረፉት ገበሬዎች ማሳቸውን ለመቆፈርና ለመዝራት አቅም አንሷቸው እንደ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ለተከተለው ጽኑ ረኀብም ይህ ድካም አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ የሚያስረዱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ጦርነቱ እህሉንና ሰውን አስቀድሞ አራቁቶ ስለ ነበር ምክንያቱ ይህ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ማገገም ያልቻለ ሕዝብ ጎተራው ባዶ እንደሚሆን ነገሩ ያመለክታል።

ሐኪሞችና ነርሶች በታመሙ ጊዜ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የሕክምና ባለሙያዎችን ይበልጥ ይመለከታል፤ በሽተኞቹ ራሳቸው የሙያው ልጆች ነበሩና።

በ1934 በሎስ አንጀለስ የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ የከተማይቱን በሽተኞች ይቀበል በነበረው አጠቃላይ ሆስፒታል 198 ሠራተኞች ታመሙ። ሕመማቸው ግን ልምሻን በሚገባ አይመስልም ነበር። ሽባነቱ ጥቂት፣ የጡንቻ ሕመሙና መዛሉ ግን ብዙ ነበር፤ ሲሻላቸው ተነሥተው ሥራ የጀመሩትም ተመልሰው ይወድቁ ነበር። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባልደረባ አሌክሳንደር ጊሊያም በ1938 ባወጡት ዘገባ ሁኔታውን በዝርዝር መዝግበዋል። ከ1948 እስከ 1949 ደግሞ በሰሜን አይስላንድ በምትገኘው በአኩሬይሪ ከተማና በአካባቢዋ ተመሳሳይ ሕመም ተነሥቶ ከ400 በላይ ሰዎችን አጠቃ።

ከሁሉም ይበልጥ የተወራለት በለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የተነሣው ነው። ይህ ሆስፒታል ሴቶች ሐኪሞች በማሠልጠን የታወቀ ነበር። ከሐምሌ 13 ቀን 1955 ጀምሮ እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ ድረስ 292 ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች ሠራተኞች ታመሙ፤ ከነዚህም 255ቱ አልጋ ይዘው መታከም አስፈለጋቸው። አስደናቂው ነገር፣ ቀድሞውኑ በሆስፒታሉ ተኝተው ከነበሩት ሕሙማን ሕመሙ የያዛቸው 12 ብቻ መሆናቸው ነው። ሆስፒታሉ ከሐምሌ 25 እስከ ጥቅምት 5 ቀን ድረስ ተዘግቶ ቆየ።

በ1956 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በርእሰ አንቀጹ ለሕመሙ «ገራም ማያልጂክ ኤንሴፋሎማየላይቲስ» የሚል ስም አቀረበ። «ገራም» የተባለው የሞተ ሰው ስላልነበረ ነው። ሆኖም ከታመሙት መካከል ወደ ቀድሞ ሥራቸው ያልተመለሱ ስለ ነበሩ፣ ቅጽሉ ለሕሙማኑ ገራም ሆኖ አልታያቸውም፤ በጊዜ ብዛትም ተጥሏል። በ1959 ዶናልድ አቺሰን በልዩ ልዩ አገሮች የተነሡ 14 ወረርሽኞችን አነጻጽረው ሲጽፉ፣ ብዙዎቹ ሆስፒታሎችንና ነርሶችን የነኩ መሆናቸውን አሳይተዋል።

ጥርጣሬ የነገሠበት ጊዜ

በ1970 ኮሊን መኬቪዲና ዊልያም ቢርድ የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ሮያል ፍሪን እንደ ገና መረመርን ብለው ጻፉ። መደምደሚያቸው ነገሩ በጅምላ የተላለፈ ሂስቴሪያ ነው የሚል ነበር። ካቀረቡት ማስረጃ አንዱ ከታመሙት የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው ነው። የተመለከቱት የቆዩ የሕሙማን መዝገቦችን ነበር እንጂ ታማሚዎቹን ራሳቸውን አነጋግረው አልነበረም። በሆስፒታሉ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የነበሩትና ሕሙማኑን በዓይናቸው ያዩት ሜልቪን ራምሴ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ከዚያም በኋላ ዘመናቸውን ለዚሁ ሕመም ሰጡ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው በሰፊው ተተከለ። ከቫይረስ በሽታ በኋላ የደከመ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የደም ምርመራው ምንም ካላሳየ፣ ሕመሙ በሐሳቡ የተፈጠረ ነው የሚባልበት ጊዜ ሆነ።

በ1984 በአሜሪካ በታሆ ሐይቅ አጠገብ በምትገኝ መንደር ተመሳሳይ ሕመም በርካታ ሰዎችን ከያዘ በኋላ፣ በ1988 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል የጠራቸው ባለሙያዎች «ሥር የሰደደ የድካም ሕመም» የሚል ስምና መመዘኛ አወጡ። ስሙ ምርምሩን አንድ መልክ ቢያስይዘውም ሕሙማኑን አላስደሰተም። ማንም ሰው ይደክመዋልና፣ ልብስ መልበስ እንኳ ያቃተው ሰው ሥራ እንደ በዛበት ሰው ተቆጠረ።

ጥርጣሬውን ካናወጡት ማስረጃዎች አንዱ ከአውስትራሊያ መጣ። በዳቦ ከተማና በአካባቢዋ በሦስት ልዩ ልዩ ተላላፊ በሽታዎች የተያዙ 253 ሰዎች ከታመሙበት ቀን ጀምሮ ተከታተሏቸው። በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከስድስት ወር በኋላ 12 በመቶው በድካም ሕመም ውስጥ ነበሩ። ማን እንደሚቀርበት ይበልጥ የጠቆመውም የመጀመሪያው ሕመም ክብደት ነበር እንጂ የሰውየው ጠባይ ወይም ቀደም ያለ የመንፈስ ሁኔታ አልነበረም። ከሦስቱ በሽታዎች ሁለቱ በቫይረስ፣ አንዱ ግን በባክቴሪያ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ከአንዲት ልዩ ተሐዋስ ይልቅ አካል ለበሽታ ከሚሰጠው ምላሽ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታሰበ። በምዕራብ አፍሪካ ከኢቦላ የተረፉት ሰዎችም በላይቤሪያ ተካሂዶ በ2019 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በሽታው ካልያዛቸው ጎረቤቶቻቸውና ዘመዶቻቸው ይልቅ በድካም፣ በራስ ምታት፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚሠቃዩ ሆነው ተገኝተዋል።

ከግዴታ እንቅስቃሴ እስከ ተመጠነ ጥረት

ሕክምናው ከዊር ሚቸል ዘመን ወዲህ ፍጹም ተገልብጦ ነበር። ድካሙ የሚቆየው ሰው እንቅስቃሴን በመፍራቱና ሰውነቱ ሥራ በመፍታቱ ነው የሚለው ሐሳብ በብሪታንያ ገነነ። ስለዚህ በሽተኛው ሕመሙ ቢብስበትም በየደረጃው እየጨመረ እንዲንቀሳቀስ ይታዘዝ ጀመር። በ2011 በላንሴት የታተመውና 641 ሕሙማንን የያዘው «ፔስ» የተባለው ጥናት ይህን አሠራር ደገፈ። ነገር ግን ሕሙማን ማኅበራት ጥናቱ በሚካሄድበት ጊዜ የመሻልና የመዳን መለኪያዎቹ መላላታቸውን ደርሰውበት መረጃው እንዲገለጥ ጠየቁ። በ2016 የብሪታንያ የመረጃ ጉዳይ ችሎት መረጃው እንዲሰጥ አዘዘ። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት እንደ ገና ሲሰላም በሕክምናዎቹ መካከል ይታይ የነበረው የመዳን ልዩነት የሚያስተማምን ሆኖ አልተገኘም። የጥናቱ ባለቤቶች ግን በውጤታቸው ጸንተዋል።

በመካከሉ፣ በ2015፣ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ከ9000 በላይ ጽሑፎችን መርምሮ ሕመሙ መላ አካልን የሚነካ ብርቱ በሽታ ነው ሲል አስታወቀ። ከዋና ምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠውም ከጥረት በኋላ የሚከተለውን መባባስ ነው። በሽተኛው ዛሬ ይሠራል፤ የሚወድቀው ግን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው። ኢትዮጵያዊው «ያገረሽብሃል» ከሚለው ጋር የሚቀራረብ ማስጠንቀቂያ በዚህ ዓይነት ወደ መመዘኛ ገባ። በጥቅምት 2021 ደግሞ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ቀደም ሲል በ2007 የመከረውን በደረጃ የሚጨምር እንቅስቃሴ ለዚህ ሕመም ፈውስ ተብሎ እንዳይሰጥ አደረገ። በምትኩ በሽተኛው አቅሙን መጥኖ እንዲኖር መከረ።

ረጅም ኮቪድ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጠ። በዓለም ዙሪያ ትኩረቱ በሙሉ በሞትና በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ በነበረበት በዚያ ወቅት፣ ሆስፒታል ያልገቡ ብዙ ሰዎች ሳይድኑ ወራት አለፋቸው። «ረጅም ኮቪድ» የሚለውን ስም በግንቦት 2020 ያወጣችው ራሷ የታመመችው ጣሊያናዊት የሥነ ቁፋሮ ምሁር ኤሊሳ ፔሬጎ ናት። ሕሙማን ተሰባስበው ያካሄዱትና በ2021 የታተመው ጥናት ከ56 አገሮች 3,762 ሰዎችን ጠይቆ ከ200 በላይ ምልክቶችን መዘገበ። በጥቅምት 2021 የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ አወጣ፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ በሦስት ወር የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ የማይተረጐም መሆን አለበት የሚል ነው። በ2023 የወጣ ግምት በዓለም ቢያንስ 65 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚሠቃዩበት አመልክቷል። የሮያል ፍሪ ታሪክም ተደገመ፤ ብዙ ሐኪሞችና ነርሶች ከታማሚዎቹ ወገን ሆኑ።

በዚህ ጊዜ ግን ምርምሩ ፈጠነ። በ2024 ከአምስተርዳም የወጣ ጥናት 25 ረጅም ኮቪድ ያለባቸውንና 21 ጤነኞችን አነጻጽሮ ከጥረት በፊትና በኋላ ከጡንቻቸው ናሙና ወሰደ። በሕሙማኑ ጡንቻ ውስጥ የሕዋስ ኃይል አመንጪ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ሥራው ቀንሶ፣ የጡንቻው ጉዳትም ከጥረቱ በኋላ ብሶ ተገኘ። ለብዙ ዓመት «በሐሳብህ ነው» የተባለው ነገር በአጉሊ መነጽር ታየ ማለት ነው።

ሕክምናን በተመለከተ ግን አንድ ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ለ15 ቀን የተሰጠው ፓክስሎቪድ በ2024 በታተመው ጥናት ከማስመሰያው ክኒን የተሻለ ውጤት አላመጣም። በ2022 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ 150 ሰዎችን ይዞ፣ ከኦፔራ ዘፋኞች የተወሰደ የአተነፋፈስና የድምፅ ልምምድ የሚሰጠውን ጥቅም መርምሯል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመንፈስ ሁኔታቸው ተሻሻለ፤ የአካል አቅማቸው ላይ ግን ግልጽ ለውጥ አልታየም። በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 585 ሰዎችን ይዞ፣ በባለሙያ የሚመራ የስምንት ሳምንት የቡድን ማገገሚያ ኑሮአቸውን በመጠኑ እንዳሻሻለላቸው አሳየ። ይህ ግን በጽኑ ታመው ለነበሩት የተገኘ ውጤት ስለ ሆነ፣ ከጥረት በኋላ ለሚወድቀው ሰው እንዳለ ሊታዘዝ አይገባም።

ከታሪኩ የሚወሰድ ትምህርት

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት «የተቀናጀ ማገገም» ማለት ያገኙትን ሁሉ መቀላቀል አለመሆኑ ነው። ዕረፍትም እንቅስቃሴም በየዘመናቸው ጥፋት ያደረሱት በራሳቸው ክፉ ሆነው አይደለም፤ ያለ መጠንና ያለ በሽተኛው ቃል በመታዘዛቸው ነው። ለወራት መተኛት ጡንቻን ያሟሽሻል፤ ከአቅም በላይ መግፋትም ወደ አልጋ ይመልሳል። መጠኑን በየዕለቱ የሚያውቀው በሽተኛው ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚለካበትን ዘዴ ያስተምረዋል።

ለዚህ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሌላ ሊታከም የሚችል በሽታ አለመኖሩ ይጣራል፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳና የልብ ድካም ከነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ቀጥሎ የልብ ምት በተኙበት ይቆጠራል፤ ከቆሙ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ የደም ግፊቱ ሳይወድቅ ምቱ በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ የጨመረ እንደ ሆነ፣ ቆሞ መዋል ለምን እንደሚያዝለው ይታወቃል፤ እንዲህ ያለው ሰው የደም ግፊት ከሌለበት ውሃና ጨው ሲጨመርለት ይረዳዋል። በሽተኛው የሠራውንና የተከተለውን ለጥቂት ሳምንታት በደብተር ቢይዝ የሚወድቅበት ወሰን ይገለጥለታል። ከዚያ በኋላ ሥራን ከፋፍሎ መሥራት፣ ከመድከም በፊት ማረፍ፣ እንቅልፍን ማስተካከልና ዝግ ያለ አተነፋፈስን መለማመድ በወሰኑ ውስጥ እንዲኖር ያግዙታል። የአሠሪውና የቤተሰቡ መረዳትም የሕክምናው አካል ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ ሥራ እንዲመለስ ካልተፈቀደለት ምክሩ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ማኅበራት ሊከራከሩለት የሚገባ ጉዳይ ቢኖር አንዱ ይኸው ነው፤ በሥራ ላይ ሳሉ የታመሙት የሙያው ባልደረቦች ከሎስ አንጀለስ እስከ ሮያል ፍሪ ብዙ ነበሩና።

በ1955 የታመሙት ነርሶች በመዝገብ ላይ ቁጥር ሆነው ከቀሩ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ እነርሱ ፍርድ ተሰጠ። ፍርዱን ለመገልበጥ ሌላ ሃምሳ ዓመት አስፈለገ። ዛሬ ከትኩሳቱ በኋላ ያልጸና ሰው በሐኪም ፊት ሲቀመጥ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ከመደርደሪያ የሚወርድ አይደለም፤ «ከትናንት በስቲያ ምን ሠርተህ ነበር?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ነው።